ለእናቴ ክንድ የተተወች ቡና

ትከሻዬን የምታሠራኝ የሐኪም ቤቷ ልጅ ግድግዳ ፊት አቁማኝ፣ «ጣቶችዎን እያራመዱ ክንድዎን ወደ ላይ ያውጡት» ስትለኝ፣ ቀለም ቀለም የሚሸተው ግድግዳ ከፊቴ ጠፍቶ፣ ዲላ ጓሯችን ውስጥ ከእንሰቱ መሃል ረዝማ የበቀለችው ቡና ታየችኝ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። እናቴ በክረምት እንስራ አዝላ ከምንጭ ስትመለስ ጭቃ አንሸራተታትና በቀኝ እጇ ተመርኩዛ ወደቀች። አባቴ ወለምታ ነው ብሎ በቅቤ ሊያሻት ሲነካት መንደሩን በጩኸት ሞላችው። የባለሱቁ ሚስት እትዬ ዘይነባ የሰፈራችን ወጌሻ ነበሩ፤ ተጠርተው ሲመጡ ለመንካት አልቸኮሉም። ከኋላዋ ቆመው ሁለቱን ትከሻዎቿን አስተያዩ፤ አንዱ ድቡልቡል፣ ሌላው ጫፉ ሾሎ ከሥሩ የጎደጎደ ነበር። ቀኝ መዳፍሽን ግራ ትከሻሽ ላይ አድርጊ ቢሏት ክንዷ እምቢ አለ።

«ወልቋል እኮ! ቅቤውን ለወጥ አድርጉት» አሉ።

ጣቶችሽን አንቀሳቅሺ ብለው አዩና፣ በወሬ እያዘናጉ ክንዷን ቀስ ብለው ሲስቡት አጥንቱ ቋ ብሎ ቦታው ገባ፤ በነጠላ አንገቷ ላይ አንጠለጠሉላት።

ነጠላው ሲፈታ ግን ክንዷ ከደረቷ በላይ አልወጣ አለ። ቡናው ቀልቶ ለቃሚ ስለጠፋ አባቴ ደብተሬን ቆጥ ላይ ሰቅሎ ከትምህርት ቤት አስቀረኝ። እናቴ ይህን ስትሰማ በሕመሟ ካለቀሰችው የበለጠ አለቀሰች። እትዬ ዘይነባ ያቺን ረጅም ቡና አሳዩአትና፣ «ይቺን ሌላ ሰው እንዳይነካት። በታመመው እጅሽ ብቻ ከሥር ጀምረሽ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ልቀሚ» አሏት።

«ጫፏ ከደረስኩ ልጄ ትማራለች» አለች እናቴ። አባቴ ሳቀና ተስማማ።

ከዚያ በኋላ ማለዳ ማለዳ ጥርሷን ነክሳ ትወጣለች። ላግዛት እጄን ስሰድ በጤነኛው እጇ ትመታኛለች፤ ያ እጅ ደግሞ ምንም አልጎደለውም ነበር። አንዳንድ ቀን ትናንት የነካችው ቅርንጫፍ ይርቃታል። የጫፉ ፍሬ ጠቁሮ ሲደርቅ ወፎች ይሻሙባታል፣ እሷም ወፎቹን ጮክ ብላ፣ አባቴን በልቧ ትራገማለች።

አንድ ጠዋት አባቴ ቁርስ ላይ ተቀምጦ ሳለ ጥቂት ደረቅ ፍሬዎች መዳፉ ላይ አኖረችለት። ከዚያ በቀኝ እጇ ደብተሬን ከቆጡ አውርዳ ሰጠችኝ።

በዚያ ደብተር ተምሬ አስተማሪ ሆንኩ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ የኖረው ትከሻዬ አሁን በተራው ደረቀ። እናቴም እትዬ ዘይነባም የሉም፤ ጓሯችን ቤት ተሠርቶበታል፣ ቡናዋም ተቆርጣለች። እዚህ ግድግዳ ጫፍ ላይ የሚለቀም ነገር የለም። እናቴ በጣም ናፈቀችኝ። ጥርሴን ነክሼ ጣቶቼን አንድ ቅርንጫፍ ከፍ አደረግኋቸው።