የሰውየው ጠባይ

ባለፈው ሳምንት ልጄ የብስክሌቱን ሰንሰለት ሲነካካ እጁን ግሪስ በግሪስ አደረገው። አባቴ ሥራ ሲያቆም ይዞት ከመጣው ሣጥን ውስጥ ብርቱካን ብርቱካን የሚሸት የመካኒክ ሳሙና አወጣሁለት። ክዳኑን ገና ከመክፈቴ ያለሁበትን ረሳሁት።

አሥር ዓመቴ ነው። ቢከን ሂል የሚባል ኮረብታ ላይ ነው የምንኖረው፤ አባቴ ደግሞ ቁልቁል፣ ረኒየር ጎዳና ዳር ባለ ጋራዥ መካኒክ ነው። ከትምህርት ቤት መልስ እዚያ እጠብቀዋለሁ። ዝናቡ ጣሪያው ላይ ያንሾካሹካል፤ ወለሉ ላይ በፈሰሰው ዘይት ውስጥ የአምፖሉ ብርሃን ቀስተ ደመና ይሠራል፤ እኔም አሮጌ የመኪና ወንበር ላይ ተጠቅልዬ፣ በግማሽ እንቅልፍ አየዋለሁ።

አባቴ ከታቦት ቀጥሎ የሚያከብረው አንድ ሰው ነበር። ከብዙ ዘመን በፊት እዚሁ አሜሪካ መኪናን በሰልፍ እያስደረደረ መሥራት የጀመረ ባለ ፋብሪካ ነው። ስሙን ጠርቶት አያውቅም፤ “ሰውየው” ነው የሚለው። “ሰውየው መፍቻ የሚያቀብለው ጠርጎ ነበር።” “ሰውየው ሳያማትብ ሞተር አያስነሳም ነበር።” “ሰውየው ምሳ ሲቀርብ መጀመሪያ የሚያጎርሰው የሠራተኞቹን ታናሽ ነበር።” ይህን ሁሉ የሰማው አዲስ አበባ ሙያውን ካስተማሩት ጋሼ ነው። ይገርማችኋል፣ አባቴ ራሱ ልክ እንዲሁ ነበር የሚኖረው፤ መፍቻውን ሳይጠርግ ለማንም አይሰጥም።

ትምህርት ቤታችን አንድ ልማድ ነበረው። እያንዳንዱ የአምስተኛ ክፍል ልጅ የአንድ ዝነኛ ሰው ልብስ ለብሶ ሐውልት መስሎ ይቆማል፤ እጁ ጀርባ ላይ ክብ ቀይ ወረቀት ይለጠፍለታል። ጎብኚው ወረቀቷን ሲጫን ሐውልቱ ስለ ራሱ ይናገራል። እኔ ሳላመነታ ሰውየውን መረጥኩ።

ከቤተ መጻሕፍት የተዋስኩት መጽሐፍ ግን ሌላ ሰው አመጣብኝ። ግትር፣ ማንንም የማያምን፣ ለወለደው ልጅ እንኳ ደግ ቃል የሚተናነቀው ሰው። ማጎረስማ የት ተገኝቶ!

“ዳዲ፣ ዩ ሹር? ያልከኝ ነገር ቡኩ ላይ የለም እኮ” አልኩት።

ከመኪናው ሥር ሳይወጣ ሳቀ። “ሶ፣ ቡኩን የጻፈው መካኒክ ነው እንዴ፣ እማዬ?”

መጽሐፉን ቦርሳዬ ውስጥ ደበቅኩት። ልጅ ብሆንም አንድ ነገር ገብቶኛል፤ አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሊመስለው የደከመለት ሰው እንዲህ ያለ ሆኖ ቢያገኘው ልቡ ይሰበራል። “ምን ሆነሻል?” ሲለኝ “ሆምዎርክ በዝቶብኝ” እላለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። በመጨረሻ ሁለት ንግግር አጠናሁ፤ አንዱን ከመጽሐፉ ለመምህሬ፣ አንዱን ለአባቴ።

ቀኑ ደረሰ። የአባቴን ኮት ለብሼ፣ የካርቶን ባርኔጣ ደፍቼ ቆምኩ። ዝናቡ አባርቶ ነበር። በአዳራሹ ትልልቅ መስኮቶች የገባው ፀሐይ ውስጥ አቧራው ቀስ እያለ ይንሳፈፋል፤ የልጆቹ ድምፅ ከሩቅ፣ ከውኃ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል። ከዚያ ብርቱካን ሸተተኝ። አባቴ ከሥራ እጁን ታጥቦ መጥቷል። ችግሩ መምህሬም እስክሪብቶዋን ይዛ ከጎኑ ቆማለች።

እንዳያቆሽሸኝ ፈርቶ መሰለኝ፣ ወረቀቷን በትንሿ ጣቱ ጫፍ ነካት።

ሁለቱንም ንግግሮች አውቃቸዋለሁ፤ አፌ የመረጠው ግን የአባቴን ነው። “እኔ” አልኩ በእንግሊዝኛ፣ “መፍቻ የማቀብለው ጠርጌ ነው። ሳላማትብ ሞተር አላስነሳም። ምሳ ሲቀርብ መጀመሪያ የማጎርሰው የሠራተኞቼን ታናሽ ነው።”

መምህሬ እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ አነሳች። “ይሄን ከየት አገኘሽው?”

“ከመካኒክ” አልኳት። ፈገግ አለች፤ ማርኬን መቀነሷ ግን አልቀረም።

መኪና ውስጥ ገብተን አባቴ ሞተሩን ሳያስነሳ ቆየ። መስታወቱ በትንፋሻችን ጉም ለበሰ።

“ቡኩን አይቼዋለሁ” አለ። “ቦርሳሽ ውስጥ። አንቺ ስትተኚልኝ እዚያው ጋራዥ ዲክሽነሪ ይዤ አነበብኩት።”

እንባዬ መጣ። “አር ዩ ማድ? ተናደድክብኝ?”

“ኖ፣ እማዬ። ጋሼ ስለ ራሳቸው ነበር ለካ የሚያወሩን። ‘እኔ እንዲህ ነኝ’ ማለት አፍረው ነው።” መሪውን በመዳፉ ደባበሰው። “እኛ ደግሞ ሌላ ሰው ስናመሰግን ኖርን።”

ጋሼ ያኔ ከሞቱ ቆይተዋል። አባቴ አማተበና ቁልፉን አዞረው።

አሁን አባቴ ማውንትሌክ ቴራስ፣ እኔ ቤት ነው። ስሜን አንዳንዴ ይረሳዋል። የዚያን ዕለት የልጄን እጅ አጥቤ ስጨርስ ብርቱካን ብርቱካን እየሸተትኩ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ፊቱ ፈካ። የእጁን ጀርባ በጣቴ ጫን አደረግኩት።

“ሰውየው” አለ ቀስ ብሎ፣ “መፍቻ የሚያቀብለው ጠርጎ ነበር።”

“አመሰግናለሁ፣ አባዬ።”

ግራ ገብቶት አየኝ። “እኔን ምን አድርጌ? ለሰውየው ንገሪው እንጂ።”

“እየነገርኩት እኮ ነው” አልኩት።