በጳጉሜ የተወለደችው ተማሪ

ይህን መጻፍ የሚገባ ስለመሆኑ እርግጠኛ አይደለሁም። ማንም አልሞተም፤ ማንም አልታሰረም፤ ከቤታችን ውጪ ነገሩን ዛሬ የሚያስታውስ ሰው መኖሩንም እጠራጠራለሁ። አንዲት ልጅ የቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ክፍል ልትገባ ፈለገች፤ ዕድሜሽ ጥቂት ቀን ይጎድለዋል ተባለች፤ ተመለሰች። በቃ ይኸው ነው። የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝና ስለ ትልልቅ ነገር መጻፍ ያለብኝ ይመስለኛል። ስለ ትልልቅ ነገር ልጽፍ በተቀመጥኩ ቁጥር ግን ፊቴ የምትመጣው ያቺ እሑድ ናት። አንባቢ እንዲታገሠኝ እለምናለሁ፤ በተቻለኝ መጠን ነገሩን በቅደም ተከተል እናገራለሁ።

ልጅቷ እህቴ ናት፤ በአራት ዓመት ታንሰኛለች። ሁለታችንም የተወለድነው እዚሁ ኦሮራ ነው፤ ያደግነውም ቻምበርስ ሮድ ላይ ባለ አፓርትመንት ሁለተኛ ፎቅ ላይ። አባታችን ታክሲ ይነዳል። እናታችን አገር ቤት ሳለች የሒሳብ መምህርት ነበረች። እዚህ ከመጣች ጀምሮ እንግልውድ በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። ሥራውን አትጠላውም። ሰው "ሥራሽ ምንድን ነው?" ሲላት ግን መጀመሪያ "አስተማሪ ነበርኩ" ትላለች፤ ሌላውን የምትናገረው ከዚያ በኋላ ነው።

በወረርሽኙ ጊዜ ልጆች ሁሉ በኮምፒውተር ሲማሩ እህቴ አራተኛ ክፍል ነበረች። እናቴ አንድ ቀን ከጀርባዋ ቆማ ብታይ፣ ልጅቷ ካሜራውን ዘግታ ወረቀት ላይ ድመት ትስላለች።

"ይኼ ነው ትምህርት?" አለች።

በሳምንቱ ሺፍቷን ወደ ከሰዓት አዛወረችና ራሷ ማስተማር ጀመረች። ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ እኔ ተመለስኩ፤ እህቴ ግን አልተመለሰችም። የእናቴ ትምህርት ቤት ቀልድ አልነበረም። ልክ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን ከመኝታ ቤት በነጭ ጋዋን ትወጣለች፤ ኢስት ኮልፋክስ ካለ ሱቅ የገዛችው የመምህር ጋዋን ነው። እህቴ ከወንበሯ ትነሣለች።

"ጉድ ሞርኒንግ፣ ቲቸር።"

"ተቀመጪ።"

እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ "ማሚ" ማለት አይፈቀድም። አንድ ቀን አባቴ ረፍት ሆኖ በፒጃማ ሲያልፍ፣ "ቲቸር፣ ውሃ ልጠጣ ይፈቀድልኛል?" አላት። እናቴ ሳትስቅ "መጀመሪያ እጅህን አውጣ!" አለችው። እህቴ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ያን ጊዜ እንደዚያ መሳቅ ትችል ነበር።

ጓደኛዋ አንዲት ብቻ ነበረች፤ ከጎናችን ያለው ቤት ልጅ፣ በአንድ ዓመት የምትበልጣት። በረንዳቸውና በረንዳችን በአንድ ግድግዳ ብቻ ስለሚለያይ በግድግዳው ጫፍ አንገታቸውን አስግገው ያወሩ ነበር። እሑድ እሑድ ደግሞ አብረው ቤተ ክርስቲያን የሕፃናት ክፍል ይማሩ ነበር። የጎረቤታችን ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ወደ ወጣቶች ክፍል አለፈች፤ እኔም ቀደም ብዬ የገባሁት በዚሁ መንገድ ነው። ወጣቶቹ ቅዳሜ ከሰዓት መዝሙር ያጠናሉ፤ በበጋ ተራራ ወጥተው ካምፕ ያድራሉ፤ በበዓል ቀን አንድ ዓይነት ጥለት ያለው ቀሚስ ለብሰው ፊት ለፊት ይቆማሉ። እህቴ በአምስትና በስድስት ዓመት ልጆች መካከል ቀረች። የጫማ ክር ታስርላቸዋለች፤ ሽንት ቤት ትወስዳቸዋለች፤ እነሱም "እትዬ" ይሏታል።

ለእሷ ከዚያ ሌላ የዕድሜ እኩዮቿን የምታገኝበት ቦታ አልነበረም። ይህን እናቴም ታውቅ ነበር። ስለዚህ በቀጣዩ ዓመት፣ ገና በሰኔ፣ ትምህርት ቤት የማይሄድ ልጅ በምን እንደሚመዘገብ ጠይቄ እንድመጣ ላከችኝ። መልሱ አጭር ነበር፤ ትምህርት ቤት የሚሄድ ከሆነ ዘጠነኛ ክፍል የገባ፤ የማይሄድ ከሆነ አሥራ አራት ዓመት የሞላው። እንደተነገረኝ ነገርኳት።

"ጳጉሜ ሦስት፣ የሩፋኤል ዕለት ይሞላታል" አለች እናቴ ደስ ብሏት። "ዓመቱ ሳይወጣ!"

እስከ መቼ ድረስ መሙላት እንዳለበት ማናችንም አልጠየቅንም። ለእኛ ቤት፣ የቤተ ክርስቲያን ዓመት የሚገባው መስከረም አንድ ነው፤ ሌላ ዓመት መኖሩ ትዝ አላለንም። እናቴ ኢስት ኮልፋክስ ያለች ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዳ ቀሚሱን አሰፋች። እህቴም በበረንዳው በኩል መዝሙሮቹን አንድ በአንድ ከጓደኛዋ አጠናች። አማርኛ ስትናገር የምታፍር ልጅ፣ ስትዘምር ግን አንድ ቃል አትስትም ነበር።

ያን ዓመት ጳጉሜ ሦስት እሑድ ዋለ፤ ምዝገባውም በዚያው እሑድ ሆነ። አባቴ መኪናውን ሲያስነሣ "ሩፋኤል በልደትሽ ቀን ሰማዩን ከፈተልሽ!" አላት። እህቴ ቀሚሱ እንዳይጨማደድ ብላ መንገዱን ሁሉ ጀርባዋን ወንበሩ ላይ አላስደገፈችም።

ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ተሰለፍን። የወጣቶቹ ኃላፊ እዚሁ ያደገ፣ በነርስነት የሚሠራ፣ ሰው አክባሪ ልጅ ነው። ከፊታችን የነበረችው ልጅ የትምህርት ቤት መታወቂያዋን አሳየችና ወዲያው ተመዘገበች። ያቺ ልጅ ከእህቴ በሁለት ሳምንት ታንሳለች፤ እናቶቻቸው እርጉዝ ሳሉ አንድ ክሊኒክ ይከታተሉ ስለነበር ልደቷን እናውቀዋለን።

"ዛሬ አሥራ አራት ሞላት" አለችው እናቴ፣ እህቴን ወደ ፊት ገፋ አድርጋ።

"ኦ! ሃፒ በርዝደይ!" አለና መጻፍ ጀመረ። ከዚያ እጁ ቆመ። "ዛሬ... ሴፕቴምበር ስምንት ነው አይደል?"

"ጳጉሜ ሦስት።"

"እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እስከ ሴፕቴምበር አንድ መሙላት ነበረባት።"

"ሴፕቴምበር አንድን ደግሞ ማን አመጣው?"

"ኮሚቴው ነው። ካምፕ ስለምንወስዳቸው ኢንሹራንሱም አለ።"

"የኔ ልጅ፣ እንቁጣጣሽ እኮ ረቡዕ ነው። አሮጌው ዓመት ገና አልወጣም። ይቺ ቤተ ክርስቲያን በማን ቀን ነው የምትጾመው?"

ከኋላችን የቆሙ አንድ አዛውንት በሳቅ ፈነዱ። "እውነቷን ነው! ሰባት ቀን ምን አላት? እኛ ለቅዳሴ ያረፈድነው ቢደመር ዓመት ይወጣዋል!"

ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። ኃላፊውም ሳቀ፤ ግን አልመዘገባትም።

"ዓምና የአንድ አባት ልጅ በአራት ቀን መልሰናል" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እስከ ዛሬ ሰላም አይሉኝም። አሁን የእርስዎን ብቀበል ምን ብዬ ፊታቸው እቆማለሁ?"

"ቅድም የመዘገብካትስ? ከእሷ ታንሳለች።"

"እሷ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ለእነሱ ዕድሜ አንጠይቅም።"

"የኔም ዘጠነኛ ክፍል ናት።"

"የት?"

"ቤት።"

"ማን አስገባት?"

"እኔ ነኛ። ስምንተኛን በሰኔ ጨረሰች፤ ፈትኜ አሳለፍኳት።"

ኃላፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከሰልፉ አንዲት ሴት፣ "ያቺ ቤት ተቆልፋ የምትማረዋ ናት" ስትል ሰማን። እናቴም ሰምታለች፤ ዘወር ብላ ግን አላየችም።

"እኔ አምንዎታለሁ፣ እናቴ" አለ በመጨረሻ። "ግን ለአንድ እናት ቃል ብቻ ከተቀበልኩ ለሁሉም መቀበል አለብኝ።"

ወደ አስተዳዳሪው ቄስ ሄድን። በመስቀላቸው ባርከውን እናቴን ቆመው አዳመጧት። "ልጄ፣ ልጆቹ ሥርዓት አውጥተው ሲሠሩ እኔ ላፍርስባቸው? አንድ ዓመት እንደ ጥላ ያልፋል" አሏት። እናቴ መስቀሉን ተሳለመችና "እሺ አባታችን" አለች። ሌላ ምን ትበል?

አባቴ ፓርኪንግ ውስጥ ኬክ ይዞ እየጠበቀን ነበር። የጎረቤታችን ልጅ የወጣቶቹን ቀሚስ ለብሳ እየሮጠች መጣች። "ገባሽ?" አለቻት። እህቴ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ጓደኛዋ አቀፈቻት፤ ወዲያው ጓደኞቿ ከአዳራሹ በር ሲጠሯት ተመልሳ ሮጠች። እህቴ መኪናው ውስጥ ገብታ "ኢትስ ኦኬ፣ ማሚ" አለች። ስንመለስ ጀርባዋን ወንበሩ ላይ አስደግፋ ነበር።

በሚቀጥለው የወጣቶች ስብሰባ ላይ ጉዳዩን አነሣሁት። ሁሉም አዘኑ። "ኔክስት ይር እኮ ነው" አሉ። ሕጉን ግን ማንም አልነካውም። ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ እኔ ኃላፊ ብሆን ኖሮ ምናልባት እንደዚያው አደርግ ነበር። ለዚህ ይመስለኛል በማን እንደምናዝን ሳናውቅ የቀረነው።

መጀመሪያ ሰሞን የጎረቤታችን ልጅ ከጥናት እንደተመለሰች በረንዳ ላይ ወጥታ አዲሶቹን መዝሙሮች ለእህቴ ታስተምራት ነበር። ቀስ በቀስ ግን ከመዝሙሩ ይልቅ ወሬው በዛ፤ ማን ምን እንዳለ፣ ማን ካምፕ ላይ ከድንጋይ ተንሸራቶ ጅረት ውስጥ እንደወደቀ። እህቴ ሰዎቹን ስለማታውቃቸው ቀልዱ ሁሉ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ከተብራራላት በኋላ ዘግይታ ትስቃለች። በረዶ ሲጀምር በረንዳው ባዶ ሆነ። አልተጣሉም። የሚያወሩት ነገር ብቻ አለቀባቸው።

ከጥምቀት በኋላ እህቴ ሕፃናት ክፍል መሄድ ተወች። ቅዳሴ ላይ ከእናቴ ጎን ትቆማለች፤ ቁመቷ እናቴን እየበለጠ መጥቶ ነበር። እናቴ የቀሚሱን ጠርዝ ፈትታ አስረዘመችው። "ለመስከረም ይደርሳል" አለች። ትምህርቱንም አጠበቀችው፤ ልጅቷ ዝም ባለች ቁጥር እናቴ ተጨማሪ ሒሳብ ትሰጣታለች። ሌላ የምትሰጣት ነገር ያላወቀች ይመስለኛል።

በዐቢይ ጾም፣ እኔ ከትምህርት ቤት ለእረፍት ቤት በነበርኩበት ጧት፣ እህቴ እጇን አወጣች።

"ጠይቂ" አለች እናቴ፣ ከሰሌዳው ሳትዞር።

"ቲቸር፣ እኔ ስንተኛ ክፍል ነኝ?"

"ዘጠነኛ ነሻ። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?"

"ሌላ ማን ያውቃል?"

ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ የምትመልስ ልጅ ይህን በአማርኛ ነው የተናገረችው፤ አልተቆጣችም፤ አላለቀሰችም። እናቴ ሰሌዳው ላይ በግማሽ የቀረ ስሌት ነበራት። ለአፍታ ቆማ አየችው፤ ከዚያ አጠፋችው። "ለዛሬ ይበቃል" አለች። ገና አራት ሰዓት እንኳ አልሞላም ነበር።

በበጋው እናቴ ማንም ሳይነግራት እህቴን በአቅራቢያችን ወዳለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወስዳ አስፈተነቻት፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። አሥረኛ ክፍል ገባች፤ በሒሳብ ከአሥራ አንደኞቹ ጋር ትማራለች ተባለ። የትምህርት ቤቱ አማካሪ በጣም ተደንቃ "ይህን ሁሉ የት ነው የተማረችው?" ብላ ጠየቀች።

እናቴ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካከለች። "ኮምፒውተር ላይ" አለች።

ለምን እንደዚያ እንዳለች ጠይቄያት አላውቅም። ምናልባት "ቤት" ብትል ዳግም "ማን አስገባት?" የሚሏት መስሏት ይሆናል። እህቴ አፏን ልትከፍት ስትል እናቴ እጇን ጨበጠቻት።

በተከታዩ ጳጉሜ ምዝገባው እንደገና ተከፈተ። አሁን በዕድሜም በክፍልም ትገባ ነበር። እህቴ "ኖ ታንክ ዩ፣ ማሚ" አለች፤ ቀሚሱም ሳይለበስ ቀረ። የጎረቤታችን ልጅም በዚያን ጊዜ ወጣቶቹን ትታለች። ነገሩ ለእናቴ ያበቃው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ትምህርት በተጀመረበት ጧት ነው። ሦስታችን በመኪና ሄድን። እህቴ ወረደች፤ ቦርሳዋን በአንድ ትከሻዋ አንጠልጥላ ከሚገቡት ልጆች ጋር ተቀላቀለች። ከጀርባ ሲታዩ ሁሉም ስለሚመሳሰሉ ወዲያው ጠፋችብን። እናቴ መሪውን ይዛ በሩን ታያለች። ከኋላችን ያሉት መኪኖች ጥሩምባ ነፉ፤ ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ሰው መጥቶ እንድንቀሳቀስ በእጁ ምልክት ሰጠን።

"እማዬ፣ ንጂ" አልኳት።

"ቆይ፣ የረሳችው ነገር ይኖር ይሆናል" አለች።

የረሳችው ነገር አልነበረም። እናቴ እኔን ቤት አድርሳ፣ ሺፍቷን ወደ ጧት መልሳ ስለነበር፣ ወደ እንግልውድ ሥራዋ ሄደች። የእናቴ ትምህርት ቤት የተዘጋው በዚያን ቀን ነው፤ ረቡዕ፣ ነሐሴ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.