በተሳቢ ላይ የተፈተነች ቤት

ዳምጤ ከስደቱ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የሕንፃ ቤተ ሙከራ ግንበኛ ነበር። እሱ እስከ ወገብ የምትደርስ ቤት ይገነባል፤ መሐንዲሶቹ የምድር መንቀጥቀጥ ትችል እንደሆነ ሊፈትኑ በሞተር በሚንቀጠቀጥ ጠረጴዛ ላይ ጭነው ያፈርሷታል። በሱዳን፣ በገዳሪፍ የስደተኞች ሰፈር ይህን ሲያወራ፣ «አንተ ሰውዬ፣ የሠራኸው ቤት ቆሞ ያውቃል?» እያሉ ይስቁበታል።

በአንድ የችጋር ዓመት የሣር ጎጆው በእሳት ጋየ። ሣር ጠፍቶ ነበርና በጭቃ ጡብ አንድ ክፍል ቤት ሠራ። ሚስቱ ማሬ ግን አልጋዋን ደጅ ዘርግታ «አልገባም» አለች። ልጅ ሳለች ምድር ስትንቀጠቀጥ የተደረመሰ ግድግዳ እህቷን ወስዶባታል። ክረምቱ ደርሷል፤ እሷ ደግሞ ከወባ ማገገሟ ነው። ዝናብ ላይ አድሮ የሞተ ዘመድ ያልቀበረ ሰው በሰፈሩ አልነበረም።

ዳምጤ ለምኖ ሲያቅተው በቤቱ አምሳል ትንሽ ቤት ገነባ። እንደ ትልቁ ቤት ከመሠረቷ፣ ከበሯ ራስና ከጣሪያዋ ሥር ዙሪያዋን በእንጨት መቀነት አሰራት። ከዚያ በፋሽጋ እርሻ ትራክተር የሚነዳውን ሱዳናዊ ጎረቤቱን ሱሩርን እንደ ቤተ ሙከራው ጠረጴዛ የሚያንቀጠቅጥበትን ተሳቢ እንዲያውሰው ለመነው፤ ቤቲቱንም ጫኑበት።

ማሬ ነጠላዋን አጣፍታ መጣች። «ይቺ እኮ የዶሮ ቤት ናት! የዶሮ ቤት መቼ ፈርሶ ያውቃል?»

«ለዚህ ነው ጣሪያዋ ላይ ድንጋይ የምጭነው። በቤተ ሙከራም ብረት እንከምርባት ነበር። ትንሽ ቤት ካልከበዳት ስለ ትልቁ ትዋሻለች።»

ሱሩር ቢስሚላህ ብሎ ተነሣ። በተሰነጣጠቀው ጥቁር አፈር ላይ ግን ሙሽራ እንደጫነ ሰው ቀስ እያለ ነዳ።

«ኧረ ሩጥ!» አለ ዳምጤ ከኋላ።

«መዓሌሽ፣ ይቅር በለኝ፣ ያ ዳምጤ! የሰው ቤት ጭኜ እንዴት ልሩጥ? ነውር ነው!»

ማሬ ሳቀች፤ ከእሳቱ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። «ንዳው፣ ወንድሜ! እንድትፈርስ ነው የሠራት!»

ሱሩር ነዳጁን ረገጠው። ተሳቢው ዘለለ፣ ድንጋዮቹ ተንጓጉ፣ አቧራው ቦነነ። ሲቆሙ ቤቲቱ ከመስኮቷ ጥግ እስከ ጣሪያዋ ተሰንጥቃለች፤ አልወደቀችም።

የዳምጤ ፊት በራ። ማሬ ስንጥቁን በጣቷ ተከተለችው። «ይኸው ተሰነጠቀች።»

«መሰንጠቁን አላስቀርም። እንጨቱ ሰው እስኪወጣ ይዞ ያቆያታል።»

«ምን ያህል ታቆየኛለች?»

ሊዋሽ ቃጣው። «አላውቅም» አለ። «ከአልጋሽ እስከ በሩ ይመስለኛል።»

ማሬ ወደ ቤታቸው ተመልሳ ደጅ ያለውን አልጋዋን በአንድ ጎኑ አነሣች።

«ምን ይገትርሃል? ያዝ እንጂ! በሩ አጠገብ ነው የማደርገው። በግድግዳው በኩል የምትተኛው አንተ ነህ።»