ጎታ ውስጥ ያለችው ጥንቸል

የወንድሜ ልጅ ካልሲ እጁ ላይ አጥልቆ ሲያናግረኝ የጤፍ ብናኝ ሸተተኝ። በደርግ ጊዜ ጎንደር፣ ጎረቤታችን አያ ሙሉ ከአሮጌ ካልሲ በሠራቸው አሻንጉሊቶች ያጫውተን ነበር። ካልሲዎቹ ሁሉ እንዲህ ይሸቱ ነበር።

አንድ ቀን ወንድሜ «ከጨዋታዎቹ የጅቡን የሚያህል የለም» አለ።

«ጅቡ ጩኸት ብቻ! የናቅሃት ጥንቸሏ ናት የምትበልጥ» አልሁት እኔ።

«ምነው? የጤፍ ጎታ ውስጥ ተደብቃ ዝም ከማለት በቀር ምን ሠራች?»

አያ ሙሉ ሳቁን አቋረጠ። «በእሷ እንኳ ጮክ ብላችሁ አትከራከሩ፣ ልጆቼ።»

እኛ ግን አላፊ አግዳሚው እየሰማ ደጅ ላይ ስንጨቃጨቅ ዋልን።

በሳምንቱ ታጣቂዎች አያ ሙሉ ቤት መጡ። ቤቱን አልፈተሹም፤ በቀጥታ ወደ ጎታው ሄደው አያ ሙሉን ከተደበቀበት አወጡት።

አሁን ለልጁ ስለ አሻንጉሊቶቹ ነገርሁት። «የትኛው ጨዋታ ይበልጥ ነበር?» አለ።

«የጥንቸሏ» አለው ወንድሜ፣ በሹክሹክታ።