በእናቴ ቋንቋ የደረሰኝ በዓለ ሃምሳ

ወገኖቼ፣ ዛሬ በዓለ ሃምሳን እያከበርን ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ቤቴ መግባት አልፈለግሁም። ቀስ ብዬ ነው የማወራው፤ ታገሡኝ። አንገቴን ብደፋም አትቀየሙኝ። አፌ ወደ አንድ ወገን ይሄዳል፣ ለሃጬም ያመልጠኛል፤ ሰው ፊት መቆም አሁንም ያሳፍረኛል። ቢሆንም ስሙ ይባረክ፣ ቆሜአለሁ።

አንዳንዶቻችሁ ታውቁኛላችሁ። አቃቂ ታክሲ ተራ፣ ተራ አስከባሪ ነበርኩ። እንጀራዬ አፌ ነበር። ከሹፌር ብጨቃጨቅ፣ ከረዳት ብሰዳደብ የሚረታኝ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ለክርስትናና ለቀብር ካልሆነ አልሄድም። ግቢያችን ውስጥ ጫልቱ የምትባል ልጅ ተከራይታ ትኖራለች፤ ቂሊንጦ ፋብሪካ በፈረቃ ነው የምትሠራው። ልብስ እያጠበች መዝሙር ስታንጎራጉር ከሰማሁ፣ «ጴንጤዋ፣ ሬዲዮሽን ዝጊልን» እላታለሁ። ፈገግ ብላ ማጠቧን ትቀጥላለች።

ዓምና በፋሲካ ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ጫማዬን ላስር ጎንበስ እንዳልኩ ወደቅሁ። ሐኪሙ ስትሮክ ነው አለ፤ መትረፌም ተመስገን ነው አለ። ቀኝ ጎኔ አልታዘዝ አለኝ፣ ድምፄም ጠፋ። ቤት ከገባሁ በኋላ ድምፄ ተመለሰ፤ አማርኛው ግን አልተመለሰም። ሲያወሩኝ ይገባኛል። መልሱ ሲወጣ ግን በኦሮምኛ ነው።

የተወለድኩት ከአቃቂ ወዲያ ገጠር ነው። እናቴ ስትሞት በልጅነቴ ከተማ አክስቴ ጋር ገባሁ፤ ቋንቋውንም እዚያው ጥዬው የመጣሁ ይመስለኝ ነበር። ባለቤቴ አስካለና ልጄ ትዕግስት ኦሮምኛ አይሰሙም። ምላሴ ስለሚተሳሰር የሚሰሙት ጎረቤቶችም ቃሉን መለየት አቃታቸው።

አንድ ቀን ሽንቴ መጣ። «አላ» አልኩ፤ ውጭ ማለት ነው። አስካለ አላህን የምጠራ መስሏት ደነገጠች። ደጋግሜ አልኩ። ትዕግስት ውኃ አመጣች፣ ክኒን አመጣች፣ ትራሴን አስተካከለች። አልቻልኩም፤ ለአቅመ ሔዋን በደረሰች ልጄ ፊት አልጋዬ ላይ አመለጠኝ። እንዳላፍር ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ወገኖቼ፣ እሱ ነው የገደለኝ። ዳግመኛ እንዳያመልጠኝ ብዬ ውኃ መጠጣት ተውኩ። ሲግቱኝ ጥርሴን እነክሳለሁ። ሞት ነበር የምመኘው።

ጫልቱ ከሥራ ስትመለስ ልትጠይቀኝ ገባች። እኔ ያንኑ ቃል እያልኩ ነበር። ጆሮዋን ወደ አፌ አስጠግታ ሰማችኝና ወደ አስካለ ዞር ብላ፣ «እትዬ፣ ደጅ አውጡኝ ነው የሚሉት» አለች።

አስካለ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እኔ ደስ ሊለኝ ሲገባ አፈርኩ። የማሾፍባት ልጅ ገመናዬን ተረጎመችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፈረቃዋ ባልሆነ ሰዓት ሁሉ ትመጣለች፤ የፈለግሁትን ለቤተሰቤ ትነግርልኛለች። አንድም ቀን ያንን የሬዲዮ ነገር አላነሳችብኝም። ሐኪሙ በቀጠሮዬ ሲጠየቅ፣ በሕፃንነት የገባው ቋንቋ አንዳንዴ ሲተርፍ በኋላ የተለመደው ይጎዳል፣ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል አለ። የአንጎል ነገር ነው አለ። አልከራከረውም።

አንድ እሑድ አስካለ ለቅሶ ሄዳ ጫልቱ አጠገቤ ተቀመጠች። ለምን ጸሎት ቤት እንዳልሄደች ጠየቅኋት። ዛሬ በዓለ ሃምሳ ነው፣ ግን ከእርስዎም ጋር ማክበር ይቻላል አለችና ታሪኩን በኦሮምኛ አወራችልኝ። ደቀ መዛሙርቱ ላይ መንፈስ ቅዱስ ሲወርድ፣ ከየአገሩ የመጣው ሰው ሁሉ የእግዚአብሔርን ሥራ በተወለደበት ቋንቋ እንደሰማ ነገረችኝ። እኔ ነገር ማጥበቅ ልማዴ ነውና፣ «ለሁሉም አንድ ቋንቋ አያስተምራቸውም ነበር? ይቀለው ነበር» አልኳት።

«እኔ እንጃ ጋሼ። ሰውየው ያለበት ድረስ መምጣት ፈልጎ ይመስለኛል።»

ወገኖቼ፣ ያለሁበትን ታውቁታላችሁ። ፕላስቲክ የተነጠፈበት፣ መስኮት ቢከፈት ሽታው የማይወጣ አልጋ ላይ ነበርኩ። ሚስቴ እንኳ ስትገባ የምሸማቀቅበት ቦታ ነው። እዚያ ድረስ መጣ። ከእናቴ በኋላ ማንም በፍቅር ባላናገረኝ ቋንቋ አናገረኝ። አለቀስኩ። ጫልቱ ስትጸልይ ተከትያት ኢየሱስን ተቀበልኩ። ከዚያም ውኃ ስጪኝ አልኳትና ጠጣሁ። ክብር ለእርሱ ይሁን።

አማርኛው ቀስ እያለ መጣ። መጀመሪያ የወጣልኝ የአስካለ ስም ነበር፤ ምስር እየለቀመች ነበር፣ ሰፌዱን አስቀምጣ ድገመው አለችኝ። ቀኝ እጄ ዛሬም አልተመለሰም። እሱንም አልደብቃችሁም። አስካለ በእምነቷ ናት፤ በባጃጅ እስከ በሩ ታደርሰኛለች፣ ስንጨርስ መጥታ ትወስደኛለች። እፍረቱም ጨርሶ አልለቀቀኝም፤ ግን አብሮኝ የሚያፍር ሳይሆን የማያፍርብኝ ጌታ አለኝ። ስሙ ይባረክ።

ለእኔ በዓለ ሃምሳ ይኼ ነው። እዚህ መካከል በአፉ፣ በገላው፣ በቤቱ የሚያፍር ካለ፣ ምንም ሳያስተካክል ጌታን ይጥራው። ይመጣል።

አሁን አጭር ጸሎት ልጸልይ። በአማርኛ መጸለይ ገና አልሆነልኝም፤ በእናቴ ቋንቋ ነው። ያልገባችሁ አሜን በሉ፣ እሱ ገብቶታል።