ሞተሩን መልሶ የሚያስነሳ ሰው

የላፍቶው መካኒክ ጋሽ ኑረዲን በአሮጌ መኪኖች የጭስ ቫልቭ ይደነቃል። ቫልቩ ከጭሱ ጥቂቱን ወደ ሞተሩ ይመልሳል። ፍተሻው ቀላል ነው፦ መኪናው ቆሞ ሞተሩ እየሠራ የቫልቩን ቀጭን የጎማ ቱቦ በአፍ መምጠጥ። ቫልቩ ተከፍቶ ሞተሩ በጭሱ ታፍኖ ተንገጫግጮ ከጠፋ ቫልቩ ጤነኛ ነው። አይገርምም?

ጋቢና ተቀምጣ ሞተሩን መልሳ የምታስነሳለት ሚስቱ ሀኒፋ ነበረች። ከሞተች ወዲህ ዞሮ ራሱ ያስነሳል።

ዛሬ መኪናዋን ልታስፈትሽ የመጣችው ፅጌረዳ ጋቢና ገባችለት። ጎማውን መጠጠ፤ ሞተሩ ጠፋ፤ አስነሳችው።

"ጋሽ ኑረዲን፣ ለቦሎ ምርመራው ያልፋል?"

"ያልፋል" አላትና እንደገና መጠጠው። ሞተሩ ጠፋ።

"ያልፋል አላሉኝም እንዴ? ጡጦ አደረጉት እኮ" ብላ ሳቀች።

ጎማውን ከአፉ አወጣ። "አንዴ ብቻ አስነሺልኝ፣ ልጄ። ሰው ካስነሳልኝ ቆየ።"