ባነሩ ላይ ያለችው መምህርት

ጣቢታ ሄራሞ ጎበዝ የሒሳብ መምህርት ነበረች። ነበረች መባሉ ስለሞተች አይደለም፤ ሆሳዕና ውስጥ በሕይወት አለች፣ ጤነኛም ናት። የምታስተምርበትን ክፍል ወስደው በምትኩ የቤተ መጻሕፍት ቁልፍ ስለሰጧት ነው። ቤተ መጻሕፍት ሲባል ደግሞ ትልቅ ነገር እንዳይመስል። የተሰባበሩ ዴስኮች የተከመሩበት፣ ሥርዓተ ትምህርቱ ከተቀየረ ወዲህ ማንም ገልጦ የማያያቸው መጻሕፍት የተደረደሩበት አንድ ጠባብ ክፍል ነው። እዚያ ውስጥ አቧራ ስታራግፍ ትውላለች።

ነገሩ የመጣው እናቷ በሞቱበት ክረምት ነው። መጀመሪያ እንቅልፍ አጣች፤ ቀጥሎ ጭራሽ እንቅልፍ የማያስፈልጋት ሰው መሰለች። አንድ የገበያ ቀን ቆጮ ሻጮቹ መሐል ቆማ ገበያተኛውን በጎዶሎና በሙሉ ቁጥር ለሁለት ከፈለችው። ሰዉም የመምህር ድምፅ ሰምቶ መታዘዝ ለምዷልና ገሚሱ ወደ ቅቤ ተራ፣ ገሚሱ ወደ በርበሬ ተራ ሄዶ ቆመ። ነገሩ የገባው ቆይቶ ነው። ዘመዶቿ አባብለው ሆስፒታል ወሰዷት፣ መድኃኒት ጀመረች፣ ተሻላት። መድኃኒቷን እስከ ዛሬ ሳታቋርጥ ትወስዳለች። በዚህ ረገድ ለስኳራቸው መድኃኒት ከሚውጡት ከርዕሰ መምህሯ ከአቶ ገብረወልድ በምንም አትለይም፤ የእሳቸውን ቢሮ ግን ማንም አልወሰደባቸውም።

እንደተሻላት ቤተ ክርስቲያን ቆማ መሰከረች። ምእመናኑ አለቀሱ፣ እልል አሉ፣ በሚቀጥለው እሁድም ወደ መዘምራኑ መለሷት። ትምህርት ቤቱ ላይ ግን እንዲህ ቀላል አልሆነም። አቶ ገብረወልድ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ፈሪ ናቸው። ወላጅ ቅሬታ አቅርቧል አሏት። ማን እንደሆነ ብትጠይቃቸው መስኮት መስኮቱን አዩ። አንድ ባለሙያ ቀርቦ ማስተማር ትችላለች ቢል ግን እሳቸው በበኩላቸው ተቃውሞ እንደሌላቸው ነገሯት።

ባለሙያ ፍለጋ ስትዞር ነው እንግዲህ ከማኅበሩ ጋር የተገናኘችው። አለኝታ የአእምሮና የባሕርይ ጤና ባለሙያዎች ማኅበር ይባላል። ማኅበሩ በዚያ ዓመት ለፍትሐዊነትና ለአካታችነት ቃል ገብቶ ነበር፤ የሚካተት ሰው ግን ገና አላገኘም። ሰብሳቢው ዶክተር አሞጽ የዚያው አካባቢ፣ የሞርሲቶ ከተማ ልጅ ነው፤ ድምፁ ለስላሳ፣ ሰው ሲያዳምጥ አንገቱን ወደ ቀኝ ዘንበል የሚያደርግ። ጣቢታን ሲያያት የጠፋበትን ዕቃ እንዳገኘ ሰው ደስ አለው። ጉዳይዋን ሰምቶ ርዕሰ መምህሩን ራሱ እንደሚያነጋግርላት፣ ይህ ለማኅበሩ ኢምንት ነገር እንደሆነ አረጋገጠላት። እስከዚያው ግን በአንድ ዎርክሾፕ ላይ ታሪኳን ብታካፍል ለብዙዎች ትምህርት ይሆናል አላት። ለእሷ ማስተማር ብርቅ አልነበረም፤ እሺ አለች።

መጀመሪያ ለባነሩ ፎቶ መነሳት ነበረባት። ካሜራ ፊት መቆም ያስቃታልና ሣቀች። ፎቶ አንሺው ሣቋን አልወደደውም። ግንባሯን በእጇ እንድትይዝ፣ መሬት መሬት እንድታይ፣ ነጠላዋንም ትንሽ ወደ ፊት እንድትስበው አዘዛት። ዶክተሩም በዚያ ለስላሳ ድምፁ፣ እንደዚያ እየሣቀች ከተነሳች ሰው ጤነኛ ናት ብሎ ሊያስብ እንደሚችል አስረዳት። ባነሩ ታትሞ ሲመጣ የሰው ቁመት ያህላል። ከላይ «ማንም ወደ ኋላ አይቀርም» ይላል፤ ከሥሩ ጣቢታ፣ ሁሉም ጥሏት እንደሄደ ሰው አቀርቅራ ተቀምጣለች።

ከዚያ በኋላማ ዙሩ ከረረ። ዱራሜ ላይ መሰከረች፣ አዳራሹ አለቀሰ። አንጋጫ ላይ አንድ ሠልጣኝ፣ በገበያው ቀን ልብሷንም አውልቃ እንደነበር ጠየቃት። እንዳላወለቀች ስትነግረው ቅር ያለው መሰለ። ሞርሲቶ ላይ ደግሞ ዶክተሩ ታሪኩ በሀዲይኛ ቢነገር ይበልጥ ልብ ይነካል ብሎ በአማርኛ የተዘጋጀችውን አስቀየራት። ከአዲስ አበባ የመጡት እንግዶች ቋንቋውን ቅንጣት ሳይሰሙ ሁሉም ዓይናቸውን በሶፍት ጠረጉ። ስለ አካታችነት የቀረበው ጽሑፍ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእንግሊዝኛ ነበር፤ እሱን የተረጎመላት አልነበረም።

ከየከተማው ሲመለሱ መኪና ውስጥ ስለ ክፍሏ ታነሳለች። ዶክተሩ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሂደት ላይ ነው ይላታል። አንድ ጊዜማ፣ አንቺ ወደ ክፍል ከተመለስሽ ታዲያ ማንን ልናቀርብ ነው ብሎ ቀለደባት። ቀልድ መሆኑን ለማሳየት እሱ ሣቀ፣ እሷ ግን ምንም አላሣቃትም። ሌላ ጊዜ ምሳ ላይ ብስጭት ብላ ድምፅዋን ከፍ ብታደርግ፣ ጎንበስ ብሎ መድኃኒቷን ወስዳ እንደሆነ በጆሮዋ ጠየቃት። ሌላ ሰው ሲቆጣ ተቆጣ ይባላል፣ እሷ ስትቆጣ ተነሳባት። ይህ አንጀቷን አቃጠለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መቆጣቱንም ተወችው፤ ዝም ብላ ክፍሏን ትጠብቅ ጀመር።

በመጨረሻ የማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ሆሳዕና ላይ ተጠራ። ሆቴሉ አዳራሽ ውስጥ ባነሯ በመድረኩ ግራም ቀኝም ቆሟል። አቶ ገብረወልድም ከየትምህርት ቤቱ ከተጋበዙት ኃላፊዎች ጋር ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። ዶክተር አሞጽ ቃል ኪዳኑን አነበበ፤ ጉባኤተኛው ቀኝ እጁን አንስቶ ማንንም ላያገል ማለ። ቀጥሎ ጣቢታ ተጠራች።

ማይኩን ይዛ ቆመች። ከግራ አቀርቅራለች፣ ከቀኝ አቀርቅራለች፤ መሐል ላይ ቀጥ ብላ የቆመችውን የሚያያት ያለ አልመሰላትም። ሁሉም ሶፍቱን አዘጋጅቶ የገበያውን ታሪክ ይጠብቃል።

«የገበያውን ታሪክ ሰምታችሁታል፣ ዛሬ አልደግመውም» አለች። «እኔ ከዳንኩ ቆይቻለሁ። ርዕሰ መምህሬ እዚህ ናቸው፣ እናንተ ባለሙያዎቹም እዚህ ናችሁ። ማስተማር እችላለሁ ወይስ አልችልም? ዛሬ ንገሯቸው።»

አንዳንዱ ስልኩን አየ፣ አንዳንዱ የውኃ ጠርሙሱን ክዳን ያጠብቅ ያላላ ጀመር። ያ ሁሉ የማለ እጅ የት እንደገባ እንጃ። ዶክተሩ ፈጠን ብሎ ማይኩን ተቀበላትና አመሰገናት። ማኅበሩ ሊያሰማ የሚፈልገው ይህንኑ ድምፅ መሆኑን ገለጸ። ማኅበሩ ቆርጦ ቢነሳም አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ዘንድ ገና የግንዛቤ ክፍተት እንዳለ፣ ጥያቄውም ለእነሱ መቅረብ እንዳለበት ተናገረና ወደ ሁለተኛው ረድፍ አየ።

አቶ ገብረወልድ የምሳ ሰዓት አልፎባቸዋል። ስኳር ያለበት ሰው ምሳው ሲያልፍበት ፍርሃቱም አብሮ ያልፍ ይሆናል፣ ብድግ አሉ።

«ዶክተር፣ ልጄን እሷ እንዳታስተምርብኝ ብሎ ቢሮዬ የመጣ ወላጅ አንድ ብቻ ነው። እሱም እርስዎ ነዎት። እርስዎ ሐሳብዎን ይቀይራሉ ብዬ ነው እስከ ዛሬ የጠበቅኩት።»

ጣቢታ መጀመሪያ አዘነች። በዚያ ሁሉ መንገድ ከጎኑ ተቀምጣ የለመነችው፣ በሩን የዘጋባትን ሰው ራሱን ኖሯል። ቀጥላ ተናደደች፤ ንዴቷን ለመደበቅም አልሞከረችም። ዶክተሩ አንገቱን ወደ ቀኝ ዘንበል ሊያደርግ ጀምሮ ተወው። ፊቱ ተለዋውጧል። ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ያ እኮ እንደ ወላጅ የተናገረው መሆኑን፣ እዚህ የቆመው ግን እንደ ባለሙያ መሆኑን፣ ሁለቱ መደባለቅ እንደሌለባቸው ማብራራት ጀመረ።

«እንግዲያው እንደ ባለሙያ ይንገሯቸው» አለችው ጣቢታ።

ከኋላ የሆነ ሰው ሣቀ። ዶክተሩ ዙሪያውን አየ፤ የሚያግዘው አላገኘም። በመጨረሻ «ትችላለች» አለ። ለስላሳው ድምፁ በማይኩ እንኳን በደንብ አልተሰማም፤ አቶ ገብረወልድ ግን ሰምተዋል። ሰኞ እንድትገባ ነግረዋት ምሳቸውን ፍለጋ ወጡ።

ማኅበሩ በዓመቱ ሪፖርት፣ ባደረገው ያልተቋረጠ ጥረት አንዲት መምህርት ወደ ሥራዋ እንደተመለሰች ጻፈ፤ ተጨበጨበለት። ዶክተሩም ልጁን ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሊያዛውራት አስቦ ነበር ይባላል። ግን ከተማው ነገሩን ሰምቶ ስለነበር አልደፈረም።

ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ጣቢታ ስምንተኛ ክፍል ስትገባ፣ የዶክተሩ ልጅ ቤቴል ፊት ለፊት ተቀምጣለች። ጠመኔውን አንስታ ቀኑን ሰሌዳው ላይ ጻፈች። ቤቴል እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ አባቴ እኛ ሳሎን ያቆመው ባነር ላይ ያሉት እርስዎ ነዎት?»

ጣቢታ እኔ ነኝ አለቻት። ልጅቷ ትንሽ አሰበችና፣ እዚያ ላይ ምን ሆነው ነው ብላ ጠየቀች።

«አትሣቂ ብለውኝ ነው» አለች ጣቢታ።

ልጆቹ ሣቁ፣ እሷም ሣቀች። ከዚያ ደብተር አስወጣቻቸውና በጎዶሎና በሙሉ ቁጥር ለሁለት ከፈለቻቸው። ቤቴል ጎዶሎ ደረሳት፤ ደብተሯን ይዛ ወደ መስኮቱ ረድፍ ሄደች።